የኦቦ ገመቹ ጥቁር መስኮት

እኔ ጠብ አልችልበትም። ትዕግሥተኛ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ስለሆንሁ ነው። ባጃጅ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰው «ይቅርታ፣ እግሬን እዚህ ማስቀመጥ አልነበረብኝም» እላለሁ። የተበላሸ ቲማቲም የሸጠችልኝን ሴት በማግስቱ እንዳላያት ገበያውን ዞሬ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ፤ የማፍረው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሽማግሌ ከላክሁባት ልጅ ጋር፣ ሽማግሌዎቹ አባቷ ፊት በተቀመጡበት ሰዓት፣ ለያዥ ለገናዥ እስካስቸግር ድረስ የተጣላሁት። እሷ ያለችው ጉቴ ከተማ፣ እኔ ያለሁት ነቀምቴ ነው። ስጣላ ደግሞ መጣላቴን አላወቅሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ያ ቀን ለእኔ የተባለ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ነቀምቴ የመጣሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። ባለሙያ የሚለውን ቃል የጻፉት እነሱ ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። እኔ ኮምፒውተር የተማርሁት በማውስ ነው። የሚታየውን ነገር ጠቅ ማድረግ፣ እምቢ ካለ ደጋግሞ ጠቅ ማድረግ፣ አሁንም እምቢ ካለ አጥፍቶ ማብራት። ይህን እውቀት ይዤ ስደርስ የጠበቀኝ ማሽን ግን ማውስ የሚባል ነገር የለውም።

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሁሉ የሚያልፍበት ሰርቨር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ስትከፍቱት ሥዕል የለው፣ ምልክት የለው፤ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው። ትእዛዙን በፊደል ትጽፉለታላችሁ፣ እሱም በፊደል ይመልስላችኋል። ሼል ይሉታል። ማንም ሳይጭንለት አብረውት የተወለዱ ትእዛዞች አሉት። ሲዲ ስትሉት ከአንዱ ሰው ማኅደር ወደ ሌላው ያሻግራችኋል። ኤኮ ስትሉት የጻፋችሁትን መልሶ ይጽፍላችኋል። ሂስትሪ ስትሉት ከዚህ ቀደም የታዘዘውን ያወጣዋል። ኤግዚት መሰናበቻ ነው። ኪል ደግሞ አልቆምም ብሎ የሚሮጥን ሥራ ቀጥ ማድረጊያ ነው። ይህን ሁሉ የተማርሁት ከተቀጠርሁ በኋላ፣ በር ዘግቼ፣ ከስልኬ ላይ እያነበብሁ ነው።

የሚያስደነግጠው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ወደ ሒሳብ ክፍል ማኅደር ልግባ ብዬ ሲዲ ብዬ ጻፍሁ። ማሽኑ «ወረ መና ሳትል?» አለኝ። ወረ መና በዚህ አገር የሰው ደጅ ቆመው የሚጣሩት ነው፤ እኛ «ቤቶች!» እንደምንለው። ግራ ቀኙን አየሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። «ወረ መና» ብዬ ጻፍሁ። «ግባ ልጄ» ብሎ ከፈተልኝ።

ኤኮ ብዬ አንድ ቃል ብጽፍ፣ ቃሏን ከመመለሱ በፊት «አካም ቡልተን» ብሎ ያደርሁበትን ይጠይቃል። ሂስትሪ ስለው «ሰው በሌለበት ታሪኩ አይነሣም» ብሎ ጸጥ ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ኤግዚት ነው። ልሂድ ስለው «ምነው? ምን አጠፋንብህ?» ይላል። ቤቱን ሳትመርቁ አይለቃችሁም። «ቤቱ ይሙላ» ብዬ ስጽፍለት ነው «አሜን፣ ነጋቲ» ብሎ የሚሸኘኝ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ምርቃት ጠፍቶኝ፣ ሆዴ እየጮኸ እዚያው ቁጭ ብዬ አስቤአለሁ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ምን አልሁ መሰላችሁ? የወለጋ ኮምፒውተር እንዲህ ነው አልሁ። በሰው አገር ነው ያለሁት፤ የአገሩ ማሽን የአገሩን ወግ ቢያውቅ ምን ይገርማል? እንዲያውም ኮራሁበት። ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዬ ደውዬ «የእናንተ ማሽን ሰላምታ አያውቅም እንዴ?» ብለው፣ እንቅልፍ እተኛ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከእኔ በፊት ማሽኑን ይጠብቁ የነበሩት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰው ናቸው። እኔ ስመጣ ወደ ጊምቢ ተዛውረው ስለነበር አልተገናኘንም። ስማቸው ሲነሣ ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጨዋ ናቸው፣ አስታራቂ ናቸው፣ በሳቸው ጊዜ ክፍል ከክፍል ተኳርፎ የዋለ የለም ይባላል። የማሽኑን ጨዋነት ከሳቸው ጨዋነት ጋር ማገናኘት የሚችል ጭንቅላት ግን አልተሰጠኝም።

ከሌሊሴ ጋር ያስተዋወቀኝም ይኸው ማሽን ነው። ሌሊሴ ዕቅድ ክፍል ትሠራለች። አንድ ቀን በሩን ከፍታ ስትገባ፣ እኔ ልወጣ ስል ምርቃቱን ጮክ ብዬ እየተናገርሁ ስጽፍ ደረሰችብኝ።

«ማንን ነው የምትመርቀው?» አለችኝ።

«ማሽኑን።»

ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል። እኔ እንግዲህ ያን ሳቅ ለማየት ስል በቀን ውስጥ ማሽኑን መርቄ መርቄ ምርቃት ሊያልቅብኝ ነበር። ነገሩ እየጠነከረ ሄዶ፣ እንጋባ ተባባልንና፣ ሽማግሌ ፈለግሁ።

የእኔ ዘመዶች ከዓባይ ማዶ ናቸው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችንን ሽማግሌዎች ለመንሁ። መቼም ሽማግሌ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። የእኛዎቹ ሦስት ናቸው። የአስተዳደሩ ኦቦ ዲንሳ አንደበታቸው የተቃና፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። የንብረት ክፍሉ አቶ ሽፈራው አያታቸው ከመንዝ የመጡ ሲሆኑ፣ ተረት ሳይጨምሩ ቁልፍ እንኳ አያቀብሉም። ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ ደግሞ መኪናውም ሽምግልናውም በጃቸው ነው። ሦስቱ ጉቴ ሄደው የሌሊሴን አባት፣ ኦቦ ቶሌራን፣ ደጅ ጠኑልኝ።

ኦቦ ቶሌራ አልተቆጡም፤ አልፈቀዱምም። ያሉት ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። «ልጁ ክፉ አይመስልም» አሉ አሉ። «ግን ሰው የለውም። ባልና ሚስት ናቸው፣ አንድ ቀን ይጣላሉ። በተጣሉ ጊዜ ማን ይደርስላቸዋል? ልጄ ስታለቅስ እኔ ቢቸና ድረስ ሽማግሌ ፍለጋ ልሂድ? እስቲ እናስብበት፣ ቅዳሜ ተመለሱ።»

እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር አጎት የለኝ፣ አክስት የለኝ፤ ያለኝ የሚመረቅ ማሽን ነው።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች በማለዳ ወደ ጉቴ ሄዱ። ሌሊሴ ከዋዜማው ጀምሮ እናቷ ጋ ናት። እኔ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው እመላለሳለሁ። ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሌሊሴ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ጉዴ ፈላ! ሪፖርቱን ማሽኑ ዛሬ ጠዋት ራሱ እንዲያትም አዝዤው ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚያትም አልነገርሁትም። አሁን ትዝ አለኝ። ሂድና አስቁምልኝ፣ የሰኞን ስድብ አልችልም።»

«ሽማግሌዎቹስ?» አልሁ።

«ሳሎን ናቸው፤ ገና ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት። እኔ ከጓሮ ነኝ። በል ቻው፣ እናቴ እያየችኝ ነው።»

ባጃጅ ይዤ በረርሁ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በር ከፈቱልኝ። የማሽኑን ክፍል ከፈትሁ። የድሮዋ ማተሚያ፣ ያቺ ወረቀቷ ተያይዞ ከካርቶን የሚሳበው፣ እየጮኸች ያንኑ አንድ ገጽ ታትማለች። ወረቀቱ ጠረጴዛውን አልፎ፣ ወንበሩን አልፎ፣ መሬቱን ሞልቶ ወደ በሩ እየመጣ ነው። አንዱ ካርቶን አልቋል፤ ሁለተኛው እየተጋመሰ ነው። አቶ ሽፈራው አንዲት ልሙጥ ወረቀት ሲሰጡ እንኳ ከልባቸው የሚቆረጥ ነው የሚመስለው፤ ይህን ቢያዩ ከሽምግልናው ይወጡብኛል ብዬ ደነገጥሁ።

ማተሚያዋን ከሶኬቱ ለምን አልነቀልሃትም ትሉ ይሆናል። አሁን እኔም እላለሁ። ያን ጊዜ ግን ባለሙያ ነበርሁ፤ ባለሙያ ሶኬት አይነቅልም። ጥቁሩን መስኮት ከፈትሁና የሌሊሴን ሥራ ፈልጌ ኪል ብዬ ጻፍሁበት። ኪልን ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም።

«ታገስ ልጄ፣ ሰው ይምጣ» አለኝ።

የምን ሰው? ማተሚያዋ ትንጫጫለች። ደግሜ ጻፍሁ። «ታገስ አልሁህ» አለኝ። ሦስተኛ ጻፍሁ። «ምክር አትሰማም?» አለ። አሁን ተናደድሁ። በሕይወቴ ሙሉ በሰው ላይ ያላወጣሁት ቁጣ በማሽን ላይ መጣብኝ። ስልኬ ላይ እንዳነበብሁት ኪል ከባድ የሚባል ዓይነት አለው፤ ዘጠኝ ቁጥር ሲታከልበት ለምኖ ሳይሆን አንቆ ነው የሚያስቆመው። ዘጠኝን ጨምሬ ቁልፉን በኃይል መታሁት።

ማሽኑ «ወዬው!» ብሎ ጻፈ፤ ወዮ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለም። ማተሚያዋ ግን ቀጠለች። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ፣ እየደነገጥሁ፣ ዘጠኙን ደጋግሜ አዘዝሁት።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

«ማነው?» አልሁ።

«ያ ኢልመ ኮ፣ ተረጋጋ» አሉ ዘበኛው ከበሩ ውጭ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃ በመስኮት ላቀብልህ?»

«በሩን ምነው ቆለፉት?»

«ጋሽ ወርቁ ደውሎ ያዘው፣ እንዳይወጣ ብሎኛል። እየመጡ ነው። አንተ ብቻ እጅህን ሰብስብ። ልጅቷን ከአንተ ራቅ አድርገህ አስቀምጣት።»

«የቷን ልጅ?»

«ሌሊሴን።»

«ሌሊሴ ጉቴ ናት!»

ቁልፉን በእጃቸው ሲያገላብጡ ይሰማኛል። «ታዲያ በምን ደረስክባት?» አሉ በመጨረሻ።

ሰውየው አእምሯቸው እንደተነካ ጠረጠርሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ የራሴን ጠረጠርሁ። ያን ጊዜ ነው ኦቦ ገመቹ ትዝ ያሉኝ። ስልካቸው ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ደወልሁ።

ኦቦ ገመቹ ስልክ ሲያነሡ የሚቸኩል ሰው እንዳለ አያውቁም። እንዴት አደርህ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ነቀምቴ ዘነበ ወይ፣ ሠራተኛው ደህና ነው ወይ፣ እናት አባትህ በሕይወት አሉ ወይ አሉኝ። እኔ ተቆልፎብኝ፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ደርሶ፣ አዎ እናቴ ደህና ናት፣ በሬዎቹም ደህና ናቸው እላለሁ። ሰላምታውን ጨርሰን ትንፋሽ ስንወስድ ነው «ኦቦ ገመቹ፣ ኪል እምቢ አለኝ» ያልሁት።

«ኪልን ነካኸው?» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ነካሁት።»

«በራስህ ሥራ ላይ ነው በሰው ሥራ ላይ?»

«በሰው። በሌሊሴ።»

«ደገምከው?»

«ደገምሁት።»

«ዘጠኝ አልጨመርክበትም አይደል?»

«ጨምሬበታለሁ» አልሁ። ጊምቢ ላይ ዶሮ ሲጮህ በስልኩ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ያስረዱኝን ሁላችሁም ባለሙያ ያልሆናችሁ ሰዎች ከእኔ ቶሎ ትረዱታላችሁ። ለካስ ሼሉ አብሮት ከተወለደው ትእዛዝ ሌላ፣ ሰው ራሱ አሰናድቶ ስም የሚያወጣለት ትእዛዝ ይቀበላል። ፈንክሽን ይባላል። ስሙን ከውስጠኛው ትእዛዝ ስም ጋር አንድ ካደረጉት ደግሞ፣ ሼሉ የሚሰማው ፈንክሽኑን ነው። እንግዳው ወጥቶ በር ይከፍታል፣ ባለቤቱ ጓዳ ተቀምጦ ይቀራል። ኦቦ ገመቹ ሲዲንም፣ ኤኮንም፣ ሂስትሪንም፣ ኤግዚትንም፣ ኪልንም በየስማቸው ፈንክሽን ሠርተው ጨዋ አድርገዋቸው ነው የሄዱት። እኔ የአገሩ ጠባይ ነው እያልሁ ለባሕር ዳር ሰው የነዛሁት የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው።

«በድሮ ጊዜ» አሉኝ፣ «አንዱ ሠራተኛ የሌላውን ሥራ ሳያማክረው አስቁሞበት ለዱላ ተፈላለጉ። እንግዲህ የሰውን ሥራ በግድ ማስቆም የጠብ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ኪል ሲል፣ ማሽኗ ሥራውን ሳትነካ አስቀድማ ለሽማግሌ መልእክት ትልካለች። በስልክ መልእክት ለስብሰባ መጥሪያ የተገዛችው ሞደም አለች አይደል? በእሷ ነው።»

«ለየትኛው ሽማግሌ?» አልሁ።

«ለኦቦ ዲንሳ፣ ለአቶ ሽፈራው፣ ለጋሽ ወርቁ። ሌላ ማን አለን?»

ወረቀቱ ላይ ቁጭ አልሁ። በዚያች ሰዓት ሦስቱም የተቀመጡት የት እንደሆነ፣ ማን ፊት እንደሆነ፣ ስለማን ሊናገሩ እንደሄዱ ለኦቦ ገመቹ ነገርኋቸው። እሳቸውም «ወዬው» አሉ፤ ልክ እንደ ማሽኑ።

«በል አሁን ማተሚያዋን አስቁም» አሉኝ። «ጓዳ ያለውን ባለቤት ራሱን ከፈለግህ፣ ኪል ከማለትህ በፊት ቢልትኢን በልበት። ፈንክሽኑን አልፎ እሱን ይጠራልሃል።»

ቢልትኢን ብዬ፣ ኪል ብዬ ጻፍሁ። ማተሚያዋ በመሃል ፊደል ላይ ቀጥ አለች። ክፍሉ ጭር ሲል ዘበኛው ከውጭ ጮኹ።

«ዝም አለ! ምን አደረገ ይህ ልጅ?»

ጉቴ የሆነውን ጋሽ ወርቁ በኋላ አጫውተውኛል። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ ጨርሰው፣ ስለ ከብቱ ጨርሰው፣ ወደ እኔ ደርሰዋል። ጩምቦ ቀርቧል፤ ያ የወለጋ ጩምቦ፣ ቂጣው በቅቤና በአይብ የራሰው። ኦቦ ዲንሳ ከመቁረሳቸው በፊት ተነሥተው እኔን ያሞግሳሉ። «ይህ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማው ሰው የለም። እንኳን ከሰው ከወንበር ጋር ቢጋጭ ወንበሩን ይቅርታ ይጠይቃል» እያሉ ሳለ የሦስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ኦቦ ዲንሳ መነጽራቸውን ነቀምቴ ረስተዋል። ስልኩን ዘርግተው ቢያዩት አልታይ አላቸው። አጠገባቸው ላሉት ለኦቦ ቶሌራ አቀበሏቸው። «ኦቦ ቶሌራ፣ አንተ ዓይን አለህ፤ ምን ይላል?»

ኦቦ ቶሌራ ጮክ ብለው አነበቡ። «ኮምፒውተር ክፍል ከሌሊሴ ጋር ተጋጭቷል። ሳይባባስ ድረሱ።»

መልእክቱን ማን እንደሚልከው ከሦስቱ አንዳቸውም አያውቁም፤ ከኦቦ ገመቹ ጊዜ ጀምሮ ሲመጣ ግን ሐሰት ሆኖ አያውቅም። ሌሊሴ ተጠራች። «አሁን ከልጁ ጋር አውርተሻል?» አሏት አባቷ። እናቷ ከበሩ ሆነው «ከጓሮ በሹክሹክታ ስታወራ አይቻታለሁ» አሉ።

«አዎ አውርቻለሁ» አለች ሌሊሴ። «አልተጣላንም ግን!»

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። ኦቦ ቶሌራ አነበቡ። «ታገስ ቢሉት አልታገስም ብሏል።»

«ልጄ፣ የተጣላ ሰው ሁሉ አልተጣላሁም ነው የሚለው» አሉ ኦቦ ዲንሳ በሐዘን። ሲያሞግሱኝ ያነሡት እጃቸው ገና አልወረደም።

ቀጥሎ «ምክር አልሰማም ብሏል» መጣ። አቶ ሽፈራው ለጊዜው ተረት ጠፋቸው፤ ጋሽ ወርቁ እንደሚሉት ይህ ከዚያ በፊት ደርሶ አያውቅም። የመጨረሻው፣ የዘጠኙ መልእክት፣ እንዲህ ይላል። «ነገሩ ከእጅ ወጥቷል። በመኪና ኑ።»

ሽማግሌ የጠብ ጥሪ ሰምቶ ገበታ ላይ አይቀመጥም። ሦስቱም ብድግ አሉ። ኦቦ ቶሌራ መልሳቸውን አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ጩምቦው ሳይነካ ቀረ። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማሉ። ኦቦ ቶሌራም ጋቢያቸውን አንሥተው ሌሊሴን ይዘው መኪናው ውስጥ ገቡ። መንገዱን በሙሉ እሷ አልተጣላንም ትላለች፣ እነሱ አይዞሽ ይላሉ። የዘጠኙን መልእክት ደጋግሜ ስለላክሁት፣ ስልኮቹ መኪናው ውስጥ እየጮኹ ጋሽ ወርቁ ነዳጁን ይረግጣሉ።

መኪናው ግቢው ውስጥ ሲቆም ሰማሁ። ቁልፉ ተከፈተ። ኦቦ ዲንሳ ዱላቸውን ይዘው፣ አቶ ሽፈራው ጫማቸው ተፈትቶ፣ ጋሽ ወርቁ በላብ ተጠምቀው ገቡ። ከኋላቸው ኦቦ ቶሌራ። ከሳቸው ኋላ ሌሊሴ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እሷም አላወቀችም። እኔ በወረቀት ክምር መሃል ቁጭ ብያለሁ፤ ከጉልበቴ በታች አልታይም።

አቶ ሽፈራው ወረቀቱን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌነታቸው ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት።

«ማን ጀመረ?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«አልተጣላንም» አልን እኔና ሌሊሴ አብረን።

«ሽማግሌ ፊት አይዋሽም!»

እኔም ማስረዳት ጀመርሁ። ስለ ሼል፣ ስለ ፈንክሽን፣ ስለ ቢልትኢን። ባስረዳሁ ቁጥር የሽማግሌዎቹ ፊት እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ለኦቦ ገመቹ መልሼ ደውዬ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። እሳቸው ሰላምታቸውን ለእያንዳንዱ ሰጥተው፣ የኦቦ ቶሌራን ከብቶች ጠይቀው፣ ጥፋቱ የማሽኗና የሳቸው እንደሆነ በኦሮምኛም በአማርኛም መሰከሩ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ አቶ ሽፈራው፤ ተረቱ ተመለሰላቸው። ኦቦ ዲንሳ ግን አልረኩም። ሽማግሌ ከተጠራ ሳያስታርቅ አይመለስም። እኔንና ሌሊሴን ፊት ለፊት አቁመው ባልተጣላነው ጠብ ይቅር አባባሉን። እኔ «ይቅር በይኝ» ስል በእውነት አለቀስሁ። እንባዬ የመጣው ከድንጋጤ ነው፤ ሁሉም ግን ከጸጸት መሰላቸውና መሬት መሬት አዩ።

ኦቦ ቶሌራ ወረቀቱን እየረገጡ ወደ ጥቁሩ መስኮት ሄዱ። ጎንበስ ብለው «ታገስ ልጄ፣ ሰው ይምጣ» የሚለውን አነበቡ። እዚህ አገር ያለኝ ተስፋ በሙሉ በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ሰው አሁን ዞሮ እምቢ ቢል፣ እውነቱን ነው ከማለት በቀር ምንም የምለው የለኝም።

ቀና አሉና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። የአቶ ሽፈራውን የተፈታ ጫማ አዩ። የጋሽ ወርቁን ላብ አዩ።

«የኔን መልስ ሳትሰሙ ተነሥታችሁ ሮጣችሁ» አሉ።

«ጩምቦውንም ሳንቀምስ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ለዚህ ልጅ ብላችሁ?»

«ታዲያ ለማን ነው?» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸዋል።

ኦቦ ቶሌራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ማሽን ጠብ ሲኖር የምትጠራው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ ሁለተኛ አይደገምም፣ በእናቴ...»

«አታጥፋው» አሉኝ። «የኔንም ስልክ ጨምርበት።»

ሌሊሴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ባለሙያው ግን ትእዛዝ ተቀበልሁ። ከወረቀቱ ውስጥ ተነሥቼ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አደረግሁና «ቁጥርዎ ስንት ነው ጌታዬ?» ብዬ ጠየቅሁ።

የኦቦ ዲንሳ ዱላ ከጎኔ ላይ አረፈ።

«አንተ ልጅ፣ ጉልበት ሳም እንጂ ቁጥር ትጠይቃለህ?»